አስር ሰዓት ተኩል

ከሞክፖ ወደብ በጀልባ ሦስት ሰዓት፣
ካርታ የሚረሳት አንዲት ትንሽ ደሴት፤
ፓስተር አሉኝና ወደዚያ ላኩኝ፣
ስብከት የማይከብደኝ፣ ጸሎት የሚከብደኝ።

በመዝገቡ ገጽ አርባ ሰው ነበረ፣
ሠላሳው ግን ከጓሮ፣ ከአፈር ያደረ።
እንዳገሩ ልማድ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
አስር ሰዓት ተኩል ይቆማል ልመና።

በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ አሸንፎኝ፣
ካልሲዬን ሳልለብስ ዳገቱ አስሮጦኝ፣
ብደርስ መብራቱ በርቷል፣ በሩም ገርበብ ብሏል፣
አንድ ጥንድ የላስቲክ ቦቲ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ኦክ ቡን ነበረች። ሰማንያ ሊሞላት
ሁለት ዓመት የቀራት።
የባሕር ሣር ለቃሚ፤ ጣቷን ጨው የበላው፣
ጉልበቷ ሲታጠፍ እንደ በር የሚጮኸው።
ቁልፉን አንገቷ ላይ በሲባጎ አስራ፣
ስምንት ፓስተር ሸኝታ፣ ዘጠነኛው ተራ
የኔ ሆነ።

ደብተር ገለጠች፣ የዓሣ ዕዳ መዝገብ፤
አሁን ግን ስም ብቻ በረድፍ የሚነበብ።
ልጆቿን ጠራች፣ የልጅ ልጆቿንም፣
ባለ ጀልባውንም፣ ባለ ፖስታውንም፤
የሞቱትን ዘልላ፣ የታመመ ደግማ፣
ከገጹ ግርጌ ስትደርስ ዝም አለች። ተሰማ
ትንፋሿ ብቻ።
ከዚያ «ዱ ቺልን» አለች፣ ጥርሷን ነከሰችና፣
ደብተሩን ከደነች፣ ሳትል አሜን ገና።

«ዱ ቺል ማነው?» አልኋት፣ በጥር፣ ስንጠርግ በረዶ።
«የባሌ ታናሽ ነው። ጀልባችንን ወስዶ፣
በሐሰት ማኅተም ሸጦ፣ ቡሳን የከተመ፤
ባሌ ከዚያ ወዲህ ነው ልቡን የታመመ።
ከሰስሁት ለእግዜር። ፍርድ ቤት የለን እዚህ፤
‹አድቅቀው› ነበር ጸሎቴ። ምነው ደነገጥህ?

ሰባት ዓመት ሙሉ ‹አድቅቀው› ስል ባጀሁ፤
በስምንተኛው ቃሉ ራሱ ደቀቀ፤ አጣሁ
የምለው። ስሙ ብቻ ቀረኝ ባፌ።
ስሙን ደጁ ጥዬ እሄዳለሁ አልፌ።
እግዜር ይጨርሰው፣ ዐረፍተ ነገሩን፤
እኔ ማምጣት እንጂ አላውቅም መፍቻውን።»

ሠላሳ አንድ ዓመት።
እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ሙግት።

ሴሚናሪ ሳለሁ «ጸሎት ክንፍ ነው» ብዬ፣
ከፍ ያለ ማርክ አግኝቼ፣ ተጨብጭቦልኝ ውዬ፤
እዚህ ግን ጉልበት ነው፣ ሲታጠፍ የሚጮህ፤
የላስቲክ ቦቲ ነው፣ ደጅ ላይ ቆሞ የሚያይህ።

በመጋቢት አንድ ሌት፣ ማዕበል ጀልባ አስሮ፣
ቀድሜያት ደረስሁ፤ በሩ ተቀርቅሮ።
ቁልፉ ያለው እሷ ጋ። ከዝናቡ ሥር ቆሜ፣
ልመለስ አስቤ ነበር፣ ወደ ሞቀው ሕልሜ።
ግን አፌ ጀመረ ማንም ሳያዘው፣
ከደብተሩ ግርጌ፣ ዱ ቺልን ጠራው።
ከዚያ ባለ ፖስታውን፣ ከዚያ ባለ ጀልባ፣
ስሞቹን ሽቅብ ስወጣ፣ ውሃው አንገቴ ሲገባ፣
ደረሰች በዱላ፣ ግድግዳ ተደግፋ።
«ቀድመኸኝ ጀመርህ?» አለች፣ ትንፋሿ ጠፋ።

«ከማን?»
«ከዱ ቺል።» ዝም አለች ለጥቂት።
«እኔም» አለች በንዴት፣ «ጉልበቴ እምቢ ሲል ሌሊት፣
ካልጋ ሳልነሣ፣ ከልጆቼ ቀድሞ
አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፣ ያ ሌባ ደግሞ!»
ሳቀች ይሁን አለቀሰች፣ ዝናቡ ሸፈነው፤
በሩን ከፈተችና አምፖሉን አበራችው።

ዱ ቺል አልመጣም። ደብዳቤም አልጻፈ።
ቁልፉም ከአንገቷ ወደኔ አላለፈ።
እንዲህ ያለ ፍጻሜ ጠብቃችሁ ከሆነ፣
እኔም ጠብቄ ነበር፤ ክረምት በጋ ሆነ፣
በጋው ተመልሶ ብርድ ሆነ።

ዛሬም ሦስት ደቂቃ ዘግይቼ ወጣሁ፤
ዳገቱን ሳጋምስ መስኮቱን አየሁ፤
በርቷል።
ከደጃፉ ቦቲዋ ቆሟል።
ከጎኑ፣ ለኔ ጫማ የሚበቃ ያህል፣
በረዶ ተጠርጓል።